«ሲስተም የለም» ሲባል ተጠያቂው ማነው?

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ለሙግት ደሴ ነበርኩ። ከደንበኛዬ ጋር ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ የገንዘብ ተቋም የገባነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የተቋሙን ስም አልጠቅስም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍም ባላስፈለገ ነበር። ደንበኛዬ ዕድሜያቸው ከሰባ የዘለለ እናት ናቸው። ለልጃቸው ብድር ዋስ ሆነው ፈርመው ቤታቸው ለሐራጅ ቀርቧል። የአፈጻጸም ችሎቱ የሰጣቸው ዕድል ግልጽ ነበር። ቀሪው ዕዳ እስከዚያ ሰኞ የሥራ ሰዓት ማብቂያ ድረስ በፍርድ ቤቱ የባንክ ሒሳብ ከገባ ሐራጁ ይቀራል፤ ካልገባ ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ ይሸጣል። ገንዘቡ አለ። ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ፣ ኮምቦልቻ ያለው ወንድማቸውም ያለችውን ጨምሮ በእሳቸው የቁጠባ ደብተር ገብቷል። የቀረው ከዚህ አውጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ እዚያ ማዶ ያለው ባንክ ማስገባት ብቻ ነበር።

«ሲስተም የለም» አለች መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ።

«አብሽሩ እማማ፣ አሁን ይመጣል» አለ ጥበቃው፣ ወንበር እየሳበላቸው።

ዕለቱ የሰኞ ገበያ ዕለት ነው። ከየወረዳው የመጣ ሰው ብር ሊያወጣም ሊያስገባም ስለሚገባ አዳራሹ ግጥም ብሏል። 4 ሰዓት ሆነ፣ 5 ሰዓት ሆነ። ሲስተሙ ፈጽሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዘዴ እንፈልግ ነበር። ግን አልጠፋም። በየሃያ ደቂቃው አንድ ሰው ይስተናገዳል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ከሙሉ ብልሽት የከፋ ነው፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ እንዳይሄድ ያደርጋልና።

ለመሆኑ ይኼ «ሲስተም» የሚባለው ማነው? በእኔ የወጣትነት ዘመን ቢሮ ለቢሮ የሚያንከራትተን ዓረፍተ ነገር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ነበር። ኃላፊው ግን ሰው ነው፤ ስም አለው፣ ከስብሰባ ይወጣል፣ ሲብስም ይከሰሳል። ሲስተም ስም የለው፣ አድራሻ የለው፣ መጥሪያ አይደርሰው። እንደ ዝናብና እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ነገር አድርገን ተቀብለነዋል። በዚያች ሰኞ ግን፣ መቼስ የጠበቃ ነገር ሆኖ፣ ማን እንደሆነ ለማወቅ ተነሣሁ።

የተቋሙ የኮምፒዩተር ባለሙያ አንድ ወጣት ነው። ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ፕሪንተር ሊጠግን ወርዶ ነበር፤ እዚያም የሚሠሩት ከደሴው ሰርቨር ጋር ተገናኝተው ስለሆነ ወረፋው እንደኛው እንደቆመ በስልክ ነገረን። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ፒያሳ ሲደርስ 8 ሰዓት አልፏል። ሰርቨሩን አይቶ ለመናገር ግን ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። «ጋሼ፣ አልተበላሸም፤ ዳታቤዙ የሚሠራበት ሜሞሪ አንሶት ነው» አለኝ።

ይህን ነገር ለእኔ ቢጤ ሕግ ለተማረ ሰው የማስረዳው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ምሳሌ ነው። ዲስክ ማለት መዝገብ ቤቱ ነው። ፋይሉ ሁሉ እዚያ በመደርደሪያ አለ፣ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም፤ ግን ሄዶ ፈልጎ ማምጣት ጊዜ ይወስዳል። ሜሞሪ ደግሞ የጸሐፊው ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ መዝገብ በእጅ ይነሣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነትም በሺህዎች እጥፍ የሚቆጠር ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ጸሐፊው አንዱን መዝገብ ሲያመጣ ሌላውን መመለስ አለበት፤ ወዲያው ደግሞ የመለሰው ይጠየቃል። ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ሥራ ግን አይወጣም። በዚያን ሰዓት የፒያሳው ሰርቨር እያደረገ የነበረው ይህንኑ ነው። ማሽኑ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። ዳታቤዙ ግን እንዲጠቀም የተፈቀደለት 128 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ነው። ሰፊ አዳራሽ ተከራይቶ በአንድ የሻይ ጠረጴዛ ላይ እንደመሥራት ነው።

«እና አስፋው!» አልኩት። ለካስ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው።

የሚሠራን ዳታቤዝ ሳያቆሙ ሜሞሪውን መጨመርና መቀነስ ዛሬ ብርቅ አይደለም። ኦራክል በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘጠነኛ ትውልዱ ጀምሮታል። ማይኤስኪውኤል ዘግይቶ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው 5.7 ዓይነቱ ፈቀደ። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር በሥራ ላይ እያለ ጣሪያው ይቀየርለታል። ያም ሆኖ ሁሉም የየራሱ ገደብ አለው። ኦራክል በተነሣበት ጊዜ ከተሰጠው ጣሪያ በታች እንጂ በላይ በሩጫ ላይ አይሄድም። የመንግሥት በጀት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በተፈቀደው ጣሪያ ውስጥ ከርዕስ ወደ ርዕስ ማዛወር አንድ ነገር ነው፣ ተጨማሪ በጀት ግን ምክር ቤት ያስኬዳል። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ደግሞ ዋናውን የጋራ ሜሞሪ ለመቀየር ዘግቶ መክፈትን ግድ ይላል።

አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ለዳታቤዙ ከልክ በላይ ከሰጡት ለማሽኑ ራሱ የሚተርፍ ይጠፋል። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ሜሞሪ ሙልጭ ብሎ ሲያልቅ አንድ ጨካኝ አሠራር አለ፤ ማሽኑን ለማዳን ሲል ብዙ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። በዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ብዙ የያዘው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ የሜሞሪ ቁጥር ለሰርቨሩ በሙሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጥ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ ለመደርደርና ለመደመር ለአንድ ሥራ የሚፈቀደው 4 ሜጋባይት ነው። ይህ አነሰ ብሎ 256 ያደረገ ሰው፣ 100 ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ቢመጡበት 25 ጊጋባይት ቃል እንደገባ ላይታየው ይችላል። ቃሉ የሚጠየቀው ደግሞ ሰው በበዛበት በገበያ ቀን ነው።

ወጣቱ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያላወቀው ለምን 128 እንደሆነ ነው፤ ባለፈው ዓርብ ሲስተሙ ደኅና ይሠራ ነበርና። ቆይቶ ከእሱ በፊት ለነበረውና አሁን አዲስ አበባ ለሚሠራው ባለሙያ ደወለ። ምስጢሩ ተገለጠ። ያ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ችግር ሲገጥመው ሰርቨሩን ሳያቆም ሜሞሪውን ወደ 16 ጊጋባይት አሳድጎት ነበር። ግን በቃል ነው ያዘዘው። ዳታቤዝ በሩጫ ላይ የሚሰጠውን ትዕዛዝ ይፈጽማል፤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ ካልተጻፈለት ግን ሲዘጋ ይረሳዋል። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ፣ ባትሪው አለቀ፣ እሑድ ሰርቨሩ ተነሣ፤ ሲነሣ የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው። የተጻፈው ደግሞ ያው የፋብሪካው 128 ነው። የኛ ሰው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ይህን ሳያይ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ወጣቱ ሁለት ምርጫ አቀረበ፤ ሰርቨሩን ዘግቶ መክፈት፣ ወይም እየሠራ እያለ ማሳደግ። መዝጋት ማለት በሁለት ከተማ ያሉ መስኮቶች ሁሉ ይቆረጣሉ፣ የተጀመረ ክፍያ ወደኋላ ይመለሳል። ማሳደጉ የተጀመሩት ክፍያዎች እስኪያልቁ ይጠብቅና በየደረጃው ጠረጴዛውን ያሰፋል፤ መሀል ላይ ሁሉም ነገር ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ሥራ አስኪያጁ በጥሞና ሰሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ቢበላሽስ ኃላፊነቱ የማነው?» ወጣቱ መለሰ፤ «በጽሑፍ ይዘዙኝ፣ አደርገዋለሁ።» እሳቸው ደግሞ «ሥራህ አይደለም እንዴ? ምን ብዬ ነው የማዝህ?» አሉ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሰዓቱ ግን 9 ተኩል ሆኗል። ደንበኛዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

ወረቀት ጠየቅሁ። ግማሽ ገጽ በእጄ ጻፍኩ። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደሚፈጽም፣ ከስንት ወደ ስንት እንደሚቀየር፣ በስንት ሰዓት፣ ቢበላሽ እንዴት ወደነበረበት እንደሚመለስ፣ ለውጡ በማዋቀሪያ ፋይሉም ላይ እንደሚሰፍር። ከታች የሁለቱም ፊርማ። በሠላሳ ዓመት የሙያ ዘመኔ የረቀቁ ውሎች ጽፌያለሁ፤ እንደዚያች ግማሽ ገጽ በፍጥነት ፍሬ ያፈራ ግን አላስታውስም። መጀመሪያ ወደ 8 ጊጋባይት፣ ቆይቶ ወደ 16 አደረገው። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ፕሪንተር ጮኸ፣ ሌላው ተከተለው። ደንበኛዬ ገንዘባቸውን የተቀበሉት 10 ሰዓት ከ20 ነው። እጃቸውን ይዤ መንገዱን ተሻገርን። የገቢ ደረሰኙ ላይ የታተመው ሰዓት 10 ከ40 ይላል።

ይህን እንደ አንድ የክፍለ ሀገር ወግ አድርጎ የሚያልፈው አንባቢ መጋቢት 2016ን ያስታውስ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ሆኖ አደረ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ናኘ፣ ተማሪው በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። የተሰጠው ማብራሪያ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው የሚል ነበር። በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት ያለአግባብ የተንቀሳቀሰው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሚጠጋና አብዛኛው እንደተመለሰ ገለጹ። አልመለሱም የተባሉ ከ560 በላይ ሰዎች ስምና ፎቶ ለሕዝብ ይፋ ሆነ።

ያኛው የሜሞሪ ጉዳይ አይደለም የሚለኝ አይጠፋም። ወገኑ ግን አንድ ነው፤ በሥራ ላይ ያለ ሲስተም ውስጥ እጅ ማስገባት። እኔን የሚገርመኝ ውይይታችን የሄደበት አቅጣጫ ነው። ተማሪዎቹ ሌቦች ናቸው ወይስ አይደሉም በሚለው ሳምንታት ተከራከርን። በሕግ በኩል መልሱ ያን ያህል አልከበደም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2162 መሠረት ያለበቂ ምክንያት በሌላው ሀብት የበለጸገ ይመልሳል፤ በቁጥር 2164 ደግሞ የማይገባውን የከፈለ ማስመለስ ይችላል። ባንኩ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ነበረው፣ ጠየቀ፣ አብዛኛውንም አገኘ። የስምና የፎቶው ነገር ሌላ ክርክር ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 1321/2016 ከወራት በኋላ ስለወጣ ያኔ ሊጠቀስ አይችልም ነበር፣ ዛሬ ቢደገም ግን ቀላል ጥያቄ አይሆንም። ያ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ አንድ ጥያቄ ተረሳ። ማሻሻያው ያን ሌሊት እንዲደረግ ማን ፈረመ? ወደነበረበት የመመለሻ ዕቅዱስ የት አለ? የተማሪዎቹን ስም በስም ያወቅን ሰዎች፣ በሌላኛው ወገን አንድም ስም አልጠየቅንም።

እንግዲህ ሚዛኑን እንገልብጠው። ሲስተሙ ያለአግባብ ሲሰጥ ሕጉ ፈጣን ነው። ያለአግባብ ሲከለክልስ? ደንበኛዬ 10 ሰዓት ከ40 ባይደርሱ ኖሮ ቤታቸውን ከማን ይጠይቁ ነበር? ተቋሙ በተጠየቀ ጊዜ ገንዘባቸውን ሊሰጣቸው ውል ገብቷል። ግዴታውን ያልፈጸመ ወገን ከኪሣራ የሚድነው፣ በቁጥር 1791 እና 1792 እንደተቀመጠው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንደደረሰበት ሲያስረዳ ነው። ያ ነገር ደግሞ አስቀድሞ በተለምዶ ሊታሰብ የማይችልና አፈጻጸሙን ፍጹም የሚከለክል መሆን አለበት። የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሆነውም ይሆናል፤ ያኔ ከተማው ውስጥ ገንዘብ ማግኘት ፈጽሞ የማይቻል ነበር፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም። የሜሞሪ ማነስስ? ማሽኑ ስንት እንዳለው፣ ስንት እንደተፈቀደና ስንት እንደተያዘ በየደቂቃው በቁጥር የሚያሳይ ነገር «ሊታሰብ አይችልም ነበር» ብሎ መከራከር ለእኔ የሚያስቅ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን አልቀበለውም። ችግሩ ይህን ጥያቄ ይዞ እስከ ፍርድ የሚሄድ ከሳሽ መጥፋቱ ነው። ሲስተም የለም የተባለ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ነገ ይመለሳል።

ነገሩ እየሰፋ የሚሄድ እንጂ የሚጠብ አይደለም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ፋይዳ የማይጠየቅበት ቦታ እየጠፋ ነው። ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በተባለ፣ ከሕንድ ባንጋሎር በመጣ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ሞሲፕ ደግሞ የሚሠራው ከላይ በጠቀስኩት፣ ዋናውን ሜሞሪ ለመቀየር መዘጋትን በሚጠይቀው በፖስትግሬስኪውኤል ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ዳታቤዝ ነው። ግን ሚሊዮኖች በአንድ በር በሚገቡበት አገልግሎት ላይ መቼ ይዘጋል፣ ማን ይወስናል፣ ለሕዝቡ ከስንት ቀን በፊት ይነገራል የሚለው የባለሙያ ሳይሆን የአስተዳደር ሕግ ጥያቄ ይሆናል። በሚያዝያ 2017 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ብዙ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያመጣ ወረፋውን ቀንሷል፤ ያን ያህል ደግሞ አንድ ብልሽት የሚያቆመውን ሥራ አብዝቷል። ታኅሣሥ 2017 በጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 መሠረት የውጭ ባንኮች ሲገቡ፣ ሲስተማቸው ላይ ያለፊርማ አንድ ቁጥር የማይቀይሩ ሰዎች ጋር ልንወዳደር ነው።

«ለምን ትልቅ ማሽን አይገዙም?» የሚል ይኖራል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በእጥፍ አልፎ ሄዷል። በዚያ ላይ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ሜሞሪውን እየጠረጉ ስለሚገዙት ዋጋው በዓለም ገበያ ጣሪያ ነክቷል። ለደሴ ተቋም ያለውን 32 ጊጋባይት በአግባቡ መደልደል ከመግዛት በፊት የሚመጣ ነገር ነው። አሳዛኙ ደግሞ ያ ድልድል አንዲት ሳንቲም የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

እኔ ከብሔራዊ ባንክ የምጠብቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በሥራ ላይ ባለ ሲስተም የሚደረግ እያንዳንዱ ለውጥ አዛዥ፣ ፈጻሚና መመለሻ ያለው በጽሑፍ ይሁን፤ አገልግሎት ከተወሰነ ሰዓት በላይ ሲቋረጥ ምክንያቱ ለደንበኛው በጽሑፍ ይሰጥ። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈልጋል። ደንበኛዬ ማክሰኞ ጠዋት ችሎት ፊት ቆመው «ሲስተም የለም ብለውኝ ነው» ቢሉ ማን ያምናቸው ነበር? የሚያምን ዳኛ ቢገኝ እንኳ ምን ይዞ? አንዲት ማኅተም ያላት ወረቀት ብትኖር የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ይዤ ፊት ለፊት እቆም ነበር። ባንኮች ይህን የሚጠሉት ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ የምትሰጠው ወረቀት ነገ ማስረጃ ሆና ትመጣባቸዋለች።

ባለፈው ሳምንት ወጣቱን ደወልኩለት። ፒያሳ አካባቢ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጥቷል፤ ሰርቨሩ ሁለቱንም ጊዜ የተነሣው በ16 ጊጋባይት ነው። ያቺን ግማሽ ገጽ ምን እንዳደረጓት ጠየቅሁት። «የለውጥ መዝገብ» ብሎ ፋይል ከፍቶላታል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ለውጥ እንደተደረገ ነገረኝ። ፋይሉ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን አሁንም የእኔው አንዱ ብቻ ነው።